ሸክምና አጥንት

ባለፈው ሴሚስተር ከክፍል ወጥተን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ስንከራከር፣ አንዱ ጓደኛችን «ሰነድ ከሌለ ታሪክ የለም» ብሎ ድርቅ አለ። አባባሉ አዲስ አይደለም፤ የታሪክ ተማሪ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን የሚሰማው ነው። አንዲት ልጅ ግን ዝም ብላ አላሳለፈችውም። «እህሉን የፈጩት፣ ውሃውን የቀዱት፣ ድንጋዩን የተሸከሙትስ? ስላልጻፉ አልነበሩም ልትለን ነው?» አለችው። እሱ ፈገግ አለ፤ እሷም ተናዳ ዝም አለች፤ የምሳ ሰዓት ደረሰና ተበታተንን።

ጥያቄዋ ግን እኔን አልለቀቀኝም። መልሱን ስፈልግ ቆይቼ ፈጽሞ ባልጠበቅሁት ቦታ፣ አጥንት ውስጥ አገኘሁት። እርግጥ በእኛ ቋንቋ አጥንትና ታሪክ ዱሮም ዝምድና አላቸው። «አጥንቱ ከየት ነው?» ሲባል ዘሩ ከየት ነው ማለት ነው፤ አጥንት የሚቆጥር ሰው አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥራል። እኔ የማወራው ግን በሥጋና በቆዳ ተሸፍኖ ስለሚሸከመን ስለ እውነተኛው አጥንት ነው። ይኸኛው አጥንት የአባትን ስም አይመዘግብም፤ የሰውየውን ሥራ ይመዘግባል። እንዴት ሊመዘግብ እንደቻለ ለመረዳት በቅድሚያ ሸክምን እንዴት እንደሚሸከም ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ልጅ ደግሞ ይህንን ለማወቅ አራት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ባጭሩ መተረክ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ታሪኩን ከጋሊሊዮ ብንጀምር ያስኬዳል። ጋሊሊዮ ምድር ትዞራለች በማለቱ በ1633 ሮም ላይ ተፈርዶበት፣ ፍሎረንስ አጠገብ አርቼትሪ በምትባል መንደር ከቤቱ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር። ሽማግሌው ታስሮም አላረፈም። ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች የጻፈውን መጽሐፍ በ1638 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አብረው የተሣሉበት ገጽ አለ። አንደኛው ተራ አጥንት ነው። ሁለተኛው በርዝመት የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ለግዙፍ እንስሳ ያንኑ አገልግሎት እንዲሰጥ ሲባል ከልክ በላይ የወፈረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን እንስሳ በቁመትም በጎንም በወርድም እጥፍ አድርገን ብናሳድገው ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አጥንቱን ቆርጠን የተቆረጠውን ገጽ ብንለካው ግን የጨመረው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ የአጥንት ቅንጣት ከድሮው ሁለት እጥፍ ትሸከማለች ማለት ነው። ዝሆን የተነፋ አይጥ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እግሩ መወፈር አለበት። ጋሊሊዮ በዚያው መጽሐፍ የወፍ አጥንትና ሸምበቆ ውስጣቸው ለምን ባዶ እንደሆነም ጠየቀ። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ድፍኑ ዘንግ ቶሎ ይሰበራል፤ ባዶው ቱቦ ግን ይበረታል። እንግዲህ ጥንካሬ በብዛት ብቻ እንደማይገኝ፣ ያለውን ቁስ የትም ሳይበትኑ በቦታ በቦታው ማስቀመጥም ጥንካሬ እንደሆነ ያኔ ተጻፈ።

ቀጥሎ የመጣው ማይክሮስኮፕ ነው። ሌውንሁክ የተባለው የዴልፍት ከተማ ነጋዴ በ1670ዎቹ በገዛ እጁ በሠራቸው መነጽሮች አጥንት ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አየ። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሄቨርስ ደግሞ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ቱቦዎቹን በዝርዝር ገለጻቸው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ሄቨርስ ግን ስለ ሸክም አላሰበም። ቱቦዎቹ የመቅኑን ቅባት ለአጥንቱ የሚያደርሱ ነበር የመሰሉት። የደም ሥር ማለፊያ መሆናቸው የታወቀው ኋላ ነው። ዓይኑ ያየው ልክ ነበር፤ ይዞት የተነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

የጋሊሊዮ ጥያቄና የሄቨርስ መነጽር የተገናኙት ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1866፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ዙሪክ ላይ ነው። ያገናኟቸውም ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሄርማን ፎን ማየር የሚባል የአናቶሚ ፕሮፌሰር ነው። ማየር ስለ ሰው አቋቋምና አረማመድ ሲመራመር የኖረ፣ ትክክለኛ የጫማ ቅርጽ ምን መሆን እንዳለበት እንኳ ሳይቀር በ1858 መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ሁለተኛው ካርል ኩልማን የተባለ መሐንዲስ ነው። ኩልማን እንግሊዝና አሜሪካ ድረስ ተጉዞ ድልድዮችን ሲያጠና ቆይቶ፣ ከ1855 ጀምሮ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ አስተማሪ ሆነ። የተካነበት ሙያ፣ በድልድይና በክሬን ውስጥ ኃይል በየት በየት እንደሚያልፍ መስመር እየሣሉ ማስላት ነበር።

ማየር በከተማው የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ የጭን አጥንት አሳየ። እዚህ ላይ አንባቢ ራሱ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ከወጥ ውስጥ የወጣ የቅልጥም አጥንት ጫፉን በመጋዝ ብንሰነጥቀው ውስጡ ድፍን አይደለም፤ እንደ ስፖንጅ ነው። በጣም ቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይታያሉ። ብዙዎቻችን ከዚያ ውስጥ መቅኑን መጠን እንጂ ዘንጎቹን መመልከት አልለመደብንም። ማየር ያስተዋለው ዘንጎቹ እንደነገሩ የተበተኑ አለመሆናቸውን ነው። ከዳሌ ጋር ከሚጋጠመው ክብ ራስ ተነስተው ወደ ታች የሚወርዱ አሉ፤ ከውጭው ጎን ተነስተው እንደ ቅስት እየጎበጡ እነዚያን የሚያቋርጡ አሉ። ኩልማን ይህንን ሲያይ የራሱን ክሬን አየ።

ምን ማለት ነው? አንድ ጎባጣ ብረት እናስብ፤ ታችኛው ጫፉ መሬት ውስጥ ተተክሎ፣ ላይኛው ጫፉ ላይ ዕቃ ተንጠልጥሎበታል። ዕቃው ወደ ታች ሲጎትተው የብረቱ ውጫዊ ጎን ይወጠራል፤ ውስጣዊው ጎን ደግሞ ይታመቃል። በሁለቱ መካከል ባለው አካል ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመሮች መሣል ይቻላል፤ አንደኛው ውጥረቱ የሚሄድበት፣ ሌላው እመቃው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ሁሉ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ። ኩልማን የጭን አጥንት ቅርጽ ያለው ክሬን አስቦ መስመሮቹን ተማሪዎቹ እንዲሥሉ አደረገ። ሥዕሉና የማየር አጥንት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተመሳሰሉ። ማየርም ይህንኑ በ1867 አሳተመ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተረት ተረት መሽተት ጀመረ። ኩልማን አጥንቱን እንዳየ የኔ ክሬን ነው ብሎ እንደ ጮኸ ይተረካል፤ ዳርሲ ቶምሰን የተባለው የስኮትላንድ ሊቅም በ1917 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ይህንኑ አስተላልፎታል። አልፎ ተርፎም የፓሪሱ አይፌል ግንብ በሰው ጭን አጥንት አምሳል ተሠራ የሚሉ አሉ። እውነቱ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ግን የበለጠ ይጥመኛል። የግንቡን የመጀመሪያ ንድፍ በ1884 የሣለው መሐንዲስ ሞሪስ ኬክላን፣ ዙሪክ ላይ የኩልማን ተማሪ ነበር። በ1889 የተመረቀው ግንብ አጥንትን አልቀዳም። ግንቡም፣ የአጥንቱ ንባብም ከአንድ አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ በዚህ እንዳለ በርሊን ውስጥ ዩልዩስ ቮልፍ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ብቅ አለ። ቮልፍ በ1870 በጉዳዩ ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፤ በ1892 ደግሞ ስለ አጥንት መለወጥ ሕግ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ያለውም ይኸ ነው፦ የአንድ አጥንት ሥራ ሲለወጥ ውስጣዊ አሠራሩና ውጫዊ ቅርጹ በሒሳብ ሕግ መሠረት ተከትለው ይለወጣሉ። ለምስክርነትም ተሰብረው ጠመው የገጠሙ አጥንቶችን እየሰነጠቀ አሳየ። በእነዚህ አጥንቶች ውስጥ ዘንጎቹ የድሮውን አሰላለፍ ትተው በአዲሱ ሸክም አቅጣጫ እንደገና ተሰልፈዋል። ሐሳቡ «የቮልፍ ሕግ» ተብሎ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ግን እስቲ ሕጉን በታሪክ ተማሪ ዓይን እንመርምረው። መስመሮቹን ያዩት ማየርና ኩልማን ናቸው። አጥንት ውስጥ ያሉ ሕዋሶች ራሳቸው ለሸክሙ መልስ እየሰጡ ያስተካክሉታል የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ያቀረበው ደግሞ ቪልሄልም ሩ ነው፤ መጽሐፉ በ1881 ወጥቷል። ቮልፍ የሒሳብ ሕግ አለ እንጂ ሒሳቡን ራሱ ጽፎ አላሳየም። በዚያ ላይ አጥንት የሚያድገው ውስጥ ለውስጥ እየሰፋ ነው ብሎ ይከራከር ነበር፤ ይህ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ኋላ የመጡ መሐንዲሶችም በክሬኑ ላይ ብዙ ጥያቄ አነሱ። የኩልማን ክሬን ድፍንና አንድ ወጥ ነው፤ አጥንቱ ግን ስፖንጅ ነው። ክሬኑ አንድ ሸክም ባንድ አቅጣጫ ይሸከማል፤ የጭን አጥንት ግን በየእርምጃው ሸክሙ ይለዋወጥበታል፣ ጡንቻዎችም ከየጎኑ ይጎትቱታል። ዘንጎቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ በ90 ዲግሪ አይቋረጡም።

ታዲያ ዙሪክ ላይ የሆነው ነገር ከንቱ ነበር እንበል? አይደለም። ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም፤ የከፈተው በር ግን ትክክለኛው በር ነበር። አንድ ሐኪም ብቻውን ቢሆን ያንን አጥንት ሺህ ጊዜ ቢሰነጥቀው ውጥረትና እመቃ የሚል ቃል አይመጣለትም። አንድ መሐንዲስ ብቻውን ቢሆን አጥንት የሚሰነጥቅበት ምክንያት የለውም። እኛ በየፋኩልቲያችን በር ዘግተን የምንቀመጥ ተማሪዎች ይህንን ብናስብበት ጥሩ ነው።

ክሬኑ እስከ ስፖንጁ ድረስ ወሰደን። ከዚያ በታችስ ምን አለ?

ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ከሚችለው ሙከራ እንነሳ። አንድ የዶሮ አጥንት ኮምጣጤ ውስጥ ለብዙ ቀን ብንዘፈዝፈው እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። ሌላውን ፍም ላይ ብናቃጥለው ቅርጹ ሳይለወጥ ይቀራል፤ በጣት ሲነኩት ግን ይፈረፈራል። ኮምጣጤው ማዕድኑን አሟምቶ ወሰደ፤ እሳቱ ደግሞ ኮላጅን የሚባለውን ጭረት አቃጠለ። አጥንት ማለት የሁለቱ ውሕደት ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅንና ውሃ ነው።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይኸ አይቸግረውም። ጭቃ ብቻውን ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ አብረው ተረግጠው ሲቦኩ ግን ጭቃው እመቃውን ይችላል፣ ጭዱ ውጥረቱን ይይዛል፣ ግድግዳውም ክረምትን ይሻገራል። አጥንትም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ የአጥንት ጭድ አቅጣጫ ያለው መሆኑ ላይ ነው።

ይህንን በእጃቸው የለኩት ሮም ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አንቶኒዮ አሼንሲና ኤርማኖ ቦኑቺ ናቸው። የጠንካራው አጥንት ግንብ የተሠራው ኦስቲዮን ከሚባሉ ጥቃቅን አምዶች ነው። የአንዱ ውፍረት 200 ማይክሮን ያህል፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ነው። በመካከሉ የሄቨርስ ቱቦ ያልፋል፤ በዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ ንጣፎች አሉ። ሁለቱ ጣልያኖች በ1967 ከዚህ አምድ አንዱን ብቻ ነጥለው አውጥተው ወጠሩት፤ በ1968 ደግሞ አመቁት። በንጣፎቹ ውስጥ ኮላጅኑ ወደ ርዝመቱ የሄደበት አምድ ለውጥረት የበረታ ሆነ። ኮላጅኑ ዙሪያውን የተጠመጠመበት ደግሞ ለእመቃ የሚሻል ሆነ። እንግዲህ ስፖንጁ ውስጥ ዘንግ በዘንግ የታየው አሰላለፍ እዚህ ደግሞ በክር ደረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ታች ደግሞ እንውረድ። በ1963 ሆጅና ፔትሩስካ የተባሉ ተመራማሪዎች የኮላጅን ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚደረደሩ አሳዩ። አንዱ ሞለኪውል 300 ናኖሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሞለኪውሎቹ እንደ ጡብ ግንብ አንዱ ከሌላው 67 ናኖሜትር እየተንሸራተቱ ይደረደራሉ። በጫፎቻቸው መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ማዕድኑም በነዚያ ክፍተቶችና በዙሪያቸው ይገባል። ማዕድኑ ጥቃቅን ገበታ ነው፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው።

ማዕድኑ ለምን ይህን ያህል አነሰ? ሁዋጂያን ጋኦ፣ ፒተር ፍራትስልና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያቀረቡት መልስ ይኸ ነው። ትልቅ ድንጋይ ውስጥ ሁልጊዜ የተደበቀ ስንጥቅ አለ፤ ሲመታ ከዚያ ይጀምርና ለሁለት ይከፈላል። ድንጋዩ በናኖሜትር ደረጃ ካነሰ ግን ስንጥቅ ቢኖረውም እንኳ ሙሉ ጥንካሬውን አያጣም። ተሰባሪ የሆነው ነገር አንሶ አንሶ የማይሰበርበት መጠን ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ሸክሙስ እንዴት ይከፋፈላል? በ2006 ሂማድሪ ጉፕታና የጀርመን ባልደረቦቹ ጥቃቅን የከብት አጥንት ቁራጮች እየሳቡ፣ በዚያው ቅጽበት በኤክስሬይ ለኩ። አጥንቱ በጠቅላላው 12 ሲለጠጥ የኮላጅኑ ክር የሚለጠጠው 5 ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ደግሞ 2 ብቻ ነው። የቀረው የት ሄደ? በክርና በክር መካከል ያለው ስስ ማጣበቂያ እየተንሸራተተ ተቀበለው። ይኸ ማጣበቂያ ሲወጠር የሚፈቱ፣ ሲረግብ ደግሞ መልሰው የሚያያዙ ደካማ ቁርኝቶች እንዳሉት ሌሎች ተመራማሪዎች በ2001ና በ2005 አሳይተዋል። እነዚህ ቁርኝቶች ራሳቸው እየተፈቱ ክሩን ከመበጠስ ያድናሉ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አጥንት ውስጥ የሚሆነው በትክክል ይኸ ነው። ማዕድኑ ሎሚውን ሁሉ ብቻውን ቢሸከም ይፈረካከስ ነበር። አጥንት የሚቆመው ሸክሙ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተከፋፈለ ስለሚወርድ ነው።

ይሁን እንጂ የማይሰነጠቅ አጥንት የለም። ሃሮልድ ፍሮስት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960 በሰው አጥንት ውስጥ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ የተፈጠሩ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ስንጥቆችን ገለጸ። ስንሮጥ፣ ስንዘል፣ ስንሸከም ይፈጠራሉ። ብዙዎቹ ሩቅ አይሄዱም፤ የኦስቲዮኑ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ ወይም ዞር ይላሉ። ከዚያም ጥገናው ይመጣል። አንድ ዓይነት ሕዋሶች የተጎዳውን ቦታ ለሳምንታት እየበሉ ያነሱታል፤ ሌላ ዓይነት ሕዋሶች ደግሞ ለወራት እየገነቡ ይሞሉታል። በአዋቂ ሰው ውስጥ በየዓመቱ ከአጥንቱ አሥር በመቶ ያህል በዚህ ሁኔታ ይታደሳል። እንግዲህ አጥንት አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ግንብ አይደለም፤ ሠራተኛው ከላዩ ወርዶ የማያውቅ ሕንጻ ነው።

ግን ሠራተኞቹ የት መሥራት እንዳለባቸው ማን ይነግራቸዋል? በ1957 ፉካዳና ያሱዳ የተባሉ ጃፓናውያን የደረቀ አጥንት ሲታመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳተሙ። ነገሩ ተወደደ፤ ምሥጢሩ ተገኘ ተባለ። ኋላ ሲታይ ግን በሰውነት ውስጥ ያለው አጥንት እርጥብ ስለሆነ፣ ዋናው ጉዳይ ውስጡ የሚፈሰው ፈሳሽ መሆኑ እየጎላ መጣ። ዛሬ ብዙዎች የሚስማሙበት እንዲህ ነው፦ በአጥንት ውስጥ ኦስቲዮሳይት የሚባሉ ሕዋሶች እዚያው ተቀብረው ይኖራሉ። በአንድ ሰው ውስጥ 42 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። በጣም በቀጠኑ ቦዮች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አጥንቱ ሸክም ሲወድቅበት በጥቂቱ ይጎብጣል፤ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሕዋሶቹም ያንን ይሰማሉ። ሸክም ሲበዛ፣ የአጥንት ግንባታን የሚያግድ ስክለሮስቲን የሚባል ፕሮቲን ይቀንሳሉ፤ ይህ በ2008 በአይጦች ላይ ታይቷል። ፕሮቲኑን የሚያዘው ጂን የታወቀው በ2001 ሲሆን፣ ፍንጩን የሰጡት አጥንታቸው ከመጠን በላይ የሚወፍር የደቡብ አፍሪካ ቤተሰቦች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ክሊንተን ሩቢንና ላንስ ላንዮን በ1984 ባሳተሟቸው ሙከራዎች የአዕዋፍን የክንፍ አጥንት ከተፈጥሯዊ ሸክሙ ነጥለው የራሳቸውን ሸክም ጫኑበት። ዝም ብሎ የተጫነ፣ የማይንቀሳቀስ ሸክም ያለበት አጥንት ልክ ምንም እንዳልተሸከመ ሆኖ መነመነ። እየተጫነ እየተነሳ የሚሄድ ሸክም ግን በቀን 4 ጊዜ ብቻ ቢሆን አጥንቱን ከመመንመን አዳነው፤ በቀን 36 ጊዜ ሲሆን አወፈረው። ለአጥንት ትርጉም ያለው ቆሞ የሚጫን ክብደት ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው። የጠፈር ተጓዦች ሸክም በሌለበት ሲኖሩ ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጡ እንደነበር ይታወቃል። በተቃራኒው በ1977 የወጣ ጥናት 84 የቴኒስ ተጫዋቾችን መርምሮ፣ በሚመቱበት ክንድ ያለው አጥንት ግድግዳ ከሌላው ክንዳቸው በወንዶች 35 በመቶ፣ በሴቶች 28 በመቶ ያህል ወፍሮ አገኘው። ያው ሰው፣ ያው ደም፣ ያው ምግብ ነው፤ ልዩነቱ ሥራው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ላይ ክርክራችን ልመለስ።

አጥንት ሥራን የሚጽፍ ከሆነ የሞተ ሰው አጥንት ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ሁለት እግሯ ላይ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከዳሌዋና ከጉልበቷ ታውቋል። ዛፍ ትወጣ ነበር ወይስ ትታው ነበር? የሚለው ግን ሲያከራክር ቆየ። በ2008 አጥንቶቿ ቴክሳስ ውስጥ በልዩ የኤክስሬይ መሣሪያ ተነሱ፤ ክሪስቶፈር ራፍና ባልደረቦቹም ውጤቱን በ2016 አሳተሙ። የክንዷ አጥንት ጥንካሬ ከጭኗ ጋር ሲነጻጸር ከሰው የበለጠ፣ ከቺምፓንዚ ያነሰ፣ በሁለቱ መካከል ሆኖ ተገኘ። ክንዷ ሰውነቷን እየጎተተ ያወጣ እንደነበር አጥንቷ ራሱ መሰከረ። በዚያው ዓመት የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው የሚል ሌላ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ ያንን ግን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ከስብራት የሞትን ቀን ማንበብ ከባድ ነው። ከግድግዳ ውፍረት የዕድሜ ልክ ሥራን ማንበብ ግን የተሻለ መሠረት አለው።

ለዚያች ልጅ ጥያቄ የሚቀርበው ግን ሌላ ጥናት ነው። በ2017 አሊሰን ማኪንቶሽ፣ ሮን ፒንሃሲና ጄይ ስቶክ ከ7000 ዓመት በፊት በመካከለኛው አውሮፓ ይኖሩ የነበሩ የመጀመሪያ ገበሬ ሴቶችን አጥንት ለኩ። ከዛሬ ሴቶችም ጋር አነጻጸሩት። ከተነጻጸሩት መካከል በካምብሪጅ የሚወዳደሩ ጀልባ ቀዛፊዎች አሉ፤ እነዚህ በሳምንት በርካታ ሰዓት የሚለማመዱ ጠንካራ ስፖርተኞች ናቸው። የጥንቶቹ ሴቶች የክንድ አጥንት፣ ለሰውነታቸው መጠን ሲሰላ፣ ከቀዛፊዎቹ ከ11 እስከ 16 በመቶ የበረታ ሆነ። ስፖርት ከማይሠሩት ተማሪዎች ደግሞ 30 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በፊት የጥንት ሴቶች አጥንት ይነጻጸር የነበረው ከወንዶቹ አጥንት ጋር ስለነበር ሥራቸው ቀላል መስሎ ይታይ ነበር። ሴትን ከሴት ጋር ሲያነጻጽሩ ነገሩ ተገለበጠ። አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ በድንጋይ እህል መፍጨት ነው።

ይህንን ሳነብ የአያቴ ወፍጮ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋና ስትመልስ ነው የማስታውሳት። ሸክሙ እየተጫነ እየተነሳ የሚመላለስ ነበር፤ ልክ የክንፍ አጥንቱን እንዳወፈረው ዓይነት። ስለዚያ ሥራ የተጻፈ አንድ ወረቀት የትም ቤት የለም።

እርግጥ መጠንቀቅ አለብን። አጥንት ከወላጅ በሚወረስ ነገር፣ በምግብ፣ በበሽታ፣ በዕድሜም ይለወጣል፤ የቮልፍን ስህተት ደግመን በአንድ ሕግ ሁሉን እናንብብ ማለት የለብንም። አጥንት ክንዱ ብርቱ ነበር ይለናል እንጂ የፈጨችው ለማን እንደነበር፣ ወድዳ ይሁን ተገድዳ፣ እየፈጨች ምን ታንጎራጉር እንደነበር አይነግረንም። ስሟንም አይነግረንም። ያንን ለማወቅ የእኛ ሙያ ያስፈልጋል፦ ቃል መጠየቅ፣ መዝሙርና ተረት መሰብሰብ፣ ዕቃውን ማየት፣ ወረቀት ሲገኝም ወረቀቱን ማንበብ። ሐኪምና መሐንዲስ ዙሪክ ላይ እንደተገናኙ ሁሉ፣ የታሪክ ተማሪም አጥንት ከሚያነበው ጋር መገናኘት ይኖርበታል።

ስለዚህ «ሰነድ ከሌለ ታሪክ የለም» ካለው ጓደኛዬ ጋር ለመስማማት ዝግጁ ነኝ። ሰነድ ምንድን ነው የሚለውን ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንደገና እንነጋገርበት። ያቺም ልጅ እንዳትቀር።